ወንበር የሚለቅ ከተማ

ጥቅምት 9

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውንም ደህና ነህ እያልን እናሳድረዋለን። እናትሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ «መጀመሪያ እኔ ሳምኩሽ ብለሽ ጻፊ» እያለች ስለነዘነዘችኝ፣ ይኸው መጀመሪያ እሷ ስማሻለች። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ታናሽ ሆኖ መወለድ መቼም ዕዳ ነው፣ በሰላምታ እንኳን ተራ ይጠበቃል።

ስልክ ለምን አትደውሉም ብለሽ ነበር። ደወልን እኮ! ጆሮዋ ላይ ስይዝላት ትንሽ አዳመጠችና «ይሄ ንፋስ ነው፣ ልጄ አይደለችም» ብላ መለሰችልኝ። ደብዳቤ ሲሆን ግን ሌላ ነው። አነብላታለሁ፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ትራሷ ሥር ይገባል። ስለዚህ እጅሽ አይስነፍ።

አውሮፕላናችን እንደ ድሮው በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። አጠገቧ ሆኜ ደጋግሜ ብጠራት የማትሰማኝ እናትሽ፣ አውሮፕላኑን ገና ከተራራው ጀርባ ሳለ ትሰማዋለች። «መጣ» ትላለች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሲወጣ አይቸኩልም፣ ሕልሙን ያልጨረሰ ሰው ይመስላል። አንዳንዴ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆና «ልጄ ቁልቁል እያየችን ነው፣ ፀጉርሽን አስተካክይ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ አስተካክላለሁ።

የሻይ መሸጫ መደርደሪያዬ ያው የአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ ጥግ ላይ ነው፤ ከሻንጣ መመዘኛው ፊት ለፊት። ጋሽ ሚዛን አሁንም ሻንጣ ይመዝናሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ መንገደኛ ይጠራሉ፣ ሲመሽ በር ይቆልፋሉ። ስማቸውን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ እሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም።

የሰዉ ጠባይም ያው ነው። ቀድሞ የሚያስይዝ የለም። «ወንበር ቀድሞ መያዝ የበሽተኛ ወንበር መቀማት ነው» ሲባል አይደል ያደግሽው? ሁሉም ጠዋት ይመጣል፣ እዚያው ይጠያየቃል።

«አንተ ምን ልታደርግ ነው?»

«ዕቃ ላመጣ።»

«ዕቃ አይሞትም! እኚህ አባት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። በል ተነስ።»

ይነሳል። እያጉረመረመ ሻዬን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ይለቅለታል። ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ አውሮፕላን አለ፣ ምን ያንጨረጭራል?

ነገሩን ላምጣው። ጋሽ ሚዛን ባለፈው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «ይሄ በረራ ሊቆም ነው ይባላል» አሉኝ። እኔ ሳቅኩባቸው። «የእህቴ ልጅ እዚያው መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ ያለችው? እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ቀድማ አትነግረኝም?» አልኳቸው። እውነት ነው አይደል? ሦስት ቀን መኪና ላይ ተንገላትተሽ፣ ክረምት የሚዘጋ ወንዝ ተሻግረሽ አትመጪም መቼም። እናትሽም ያንን መንገድ አትችለውም። ያለ አውሮፕላኑ እናትና ልጅ በምን ትተያያላችሁ?

ሰው ከተገኘ የእጅ ቅባትና ጠንከር ያለ ክር ላኪልኝ።

ሁለተኛ የሳመችሽ አክስትሽ

—

ኅዳር 14

ውድ አክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ቤቱ ሞቆ፣ እማዬም መስኮቷ ሥር ሆና ያግኛችሁ። እማዬ፣ እኔም ቀድሜ አንቺን ሳምኩ። ደህና ነኝ። ክፍሌ ትንሽ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባለች። ቅባቱንና ክሩን ልኬያለሁ።

አክስቴ፣ ለእማዬ የምታነቢላት እስከዚህ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ለብቻሽ አንብቢው፤ ድምፅ አታውጪበት።

የምሠራበትን ክፍል በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። የትኛው በረራ ይጀመር፣ የትኛው ይቁም ተብሎ የሚጠናበት ክፍል ነው። ግድግዳችን ላይ ትልቅ ካርታ አለ፤ ከተሞቹ ነጥብ ናቸው፣ በረራዎቹ ክር። ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ክሮቹ በነፋስ የሚወዛወዙ ይመስለኛል። ሳላስበው የእናንተን ክር በጣቴ ስከተል እገኛለሁ፤ ጫፉ ላይ ስደርስ የመስኮታችን ሽታ ይሸተኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ጋሽ ሚዛን የነገሩሽ ውሸት አይደለም። ገና አልተወሰነም፣ ግን እየታየ ነው።

ሰው አውሮፕላኑ ከሞላ ይቀጥላል፣ ካልሞላ ይቆማል ብሎ ያስባል። እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አውሮፕላን እንደ ብርድ ልብስ ነው አክስቴ። ቤተሰቡ ብዙ፣ ብርድ ልብሱ አንድ፤ አንዱ ሲስበው የሌላው እግር ይራቆታል። ትንሿ አውሮፕላን ጠዋቷን ሙሉ ለእናንተ ታውላለች። ወደ ወደቡ ከተማ ብትላክ በዚያው ጠዋት ሁለቴ ደርሳ ትመለስ ነበር። ከወደቡ የሚመጣው መንገደኛ ደግሞ እኛ ጋ ወርዶ በትልቁ አውሮፕላን ይቀጥላል፤ አንድ ሰው ለሁለት በረራ ይጠቅማል። ከእናንተ የሚመጣው ግን ወርዶ ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው። ጉሙም አለ፤ ሳታርፍ የተመለሰችበት ቀን ሁሉ ይጻፍባችኋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀድሞ የሚያስይዝ አለመኖሩ ነው። ቀድሞ የተያዘ ወንበር ለእኛ ቃል ነው። በሌላው መስመር ከወር በፊት ቃል ይገባል፤ በእናንተ እስከ ዋዜማው ድረስ የምናየው ባዶ ነው። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የምትባባሉት ለኛ አይታየንም። ወንበር ለቆ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው ማንም አይቆጥረውም።

ስለዚህ ለሰዉ ንገሪ፤ ቀደም ብሎ ስሙን ያስይዝ። ስም ለማስያዝ ክፍያ የለም፤ ትኬቱ የሚቆረጠው ጠዋቱን ነው። ከዚህ በላይ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

የምትወድሽ ልጅሽ

—

ታኅሣሥ 11

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

የላክሽው ሁሉ እንደደረሰን አንቺም ያሰብሽው ይድረስልሽ። እጄ በቅባትሽ የሙሽራ እጅ ሆኗል፤ ብርጭቆው እያዳለጠኝ ሁለት ሰበርኩ።

የመጀመሪያውን ወረቀት አነበብኩላት። አጠር ብሎ ታየኝና ከራሴ ትንሽ ጨመርኩበት፤ «እዚህ ሁሉም ሰው ያከብረኛል፣ ወፍሬያለሁም» ብለሻል አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰምታ «ይቺኛዋ የሷ ቃል አይደለችም፣ ያንቺ አፍ ነው» አለችኝ። እሷን ማታለል የማይሞከር ነው።

ሁለተኛውን ከሻይ መደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ! ዳቦ ቤት ገባሁ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገባሁ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ የማላውቀው ሰው ቤት ሁሉ ገባሁ። «ስማችሁን አስይዙ! አውሮፕላናችን ሊወሰድ ነው!» እያልኩ። ሰዉ ምን አለኝ መሰለሽ? ምንም። ዝም ብሎ መጣ። ተሰለፈ። ጋሽ ሚዛን ሲጽፉ ሲጽፉ ጣታቸውን ወለም አላቸው። «ዕድሜ ልኬን ባዶ ያየሁትን ነገር ሞልቼ ልሙት» እያሉ በግራ እጃቸው ቀጠሉ። የሚቀጥሉት በረራዎች ሁሉ ጢም አሉ። እኔ እንደ ሹም በከተማው መሃል ጎርደድ ጎርደድ አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። አውሮፕላኑ አረፈ። በሩ ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ጋሽ ሚዛንና አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ ነን። አብራሪው ወርዶ ዙሪያውን አየና «ከተማው ታሟል እንዴ?» አለን።

ሮጬ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። «ስምህን አስይዘህ የት ቀረህ አንተ?»

«ለሚብስበት ብዬ ነዋ!» አለኝ፣ መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ። «እኔ ምን ቸገረኝ? አንድ የታመመ ይቀመጥበት አልኩና ቀረሁ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ «እኔማ ልብስ ሰፊው የሚሄድ መስሎኝ ለሱ ለቀኩ።» መምህሩ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሌላው ለመምህሩ። የቀረው ሁሉ ለሌላው ብሎ ነው የቀረው! የምር የታመሙት ደግሞ «ሞልቷል» ሲባል ሰምተው ቤታቸው ተኙ፤ የባሰባቸውም በጭነት መኪና ሄዱ። እኔ ነገሩ እስኪገባኝ፣ ሰዉም እስኪገባው፣ አውሮፕላኗ እንዲህ ባዶዋን ደጋግማ ሄደች።

እናትሽ በዚያ ቀን መስኮቷ ሥር ሆና አውሮፕላኗ ስትነሳ አይታት «ዛሬ የተሳፈረችው ፀሐይ ብቻ ናት» አለች። እውነትም መስኮቶቿ ሁሉ ወርቅ ነበሩ። ያምር ነበር ልጄ። እኔ ግን አለቀስኩ።

እሷ ደህና ናት። ደረጃውን ትታዋለች እንጂ ደህና ናት።

ክርም ቅባትም አልፈልግም። ያበላሸሁት በምን እንደሚቃና ብቻ ጻፊልኝ።

አክስትሽ

—

የካቲት 2

ውድ አክስቴ፤

ዝም ያልኩበትን ጊዜ ይቅር በይኝ። ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህን ከእማዬ ፊት አትክፈቺው።

በረራው ይቆማል። ተወስኗል።

የመስመራችሁ ጥናት መጀመሪያ የነበረው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያልጠየቅሽኝ ይህንን ነው፤ አውቀሽ እንደተውሽልኝም አውቃለሁ። ከአንቺ ደብዳቤ በኋላ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «ይህ የእናቴ ከተማ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለባልደረባዬ ሰጡት። «ዘመድ ሲገባበት ዓይን ይጋረዳል፤ ለአንቺም ይሻላል» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ባልደረባዬ ስሙን አስይዞ የቀረውን ሰው ብዛት ሲያይ የሐሰት ምዝገባ ነው አለ። ነገሩን አስረዳሁት።

«ወንበሩን ለማያውቀው ሰው ትቶ ቤቱ የሚቀር?» ብሎ ሳቀ። «ከተማ ሙሉ?»

«ከተማ ሙሉ» አልኩት።

አለቃዬ አልሳቁም። «ታዲያ መሄድ እየፈለገ የሚመለሰው ሰው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። ማንም አያውቅም። «እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ላልተቆጠረ ሰው አዝንለታለሁ፣ አውሮፕላን ግን አልመድብለትም።» ትንሿ አውሮፕላን ወደ ወደቡ ከተማ ተዛወረች። ያበላሸሽው ነገር የለም አክስቴ፤ ባትነኪውም ከዓመት አያልፍም ነበር።

የመጨረሻው በረራ መጋቢት 21 ነው። ለእማዬና ለአንቺ ሁለት ወንበር አስይዤ ትኬቱንም ቆርጬ ልኬያለሁ። ለጉብኝት አይደለም፤ እኔ ጋ ለመኖር ነው። ክፍሏ ትጠብበናለች፣ ግን እንችላለን። ማታ ማታ በሕልሜ እናንተ ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ስነቃ አያለሁ፤ ከዚያ ግን እዚህ ብቻዬን እንደገና መንቃት ይኖርብኛል።

«ደረጃውን ትታዋለች» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጅሽ

—

የካቲት 19

ለልጄ፤

ልብሽ ይረፍ፣ ጀርባሽ ይቅና።

ደረጃውን ትታዋለች ማለት አዝያት ነው የማወርዳት ማለት ነው። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ናት። እንቅልፏም በዝቷል፤ ቀን ቀን ትተኛለች፣ ስትነቃ ደግሞ የት እንደነበረች ትነግረኛለች፤ ሁልጊዜ አንቺ ጋ ነው። አልጻፍኩልሽም፤ አንቺም የጠረጴዛሽን አልጻፍሽልኝም። እኩል ነን፣ ዝም እንበል።

ትኬቱን ነገርኳት። «የበሽተኛ ወንበር አልወስድም» አለች።

«አንቺ ራስሽ በሽተኛ ነሽ!»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ! ጀርባዬ ይመስክር!»

ሳቀች። ከሳቀች ወዲያ ሰው ናት። ከዚያ «አንቺም ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ትኬቴን አሳየኋት። አገላበጠችው፣ ትራሷ ሥር ከተተችው። «አንቺ ከሄድሽ እሄዳለሁ» አለች። በቃ፣ አለቀ። ብርጭቆዎቼን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ መደርደሪያውን ጋሽ ሚዛን ራሳቸው ይውሰዱት። ዕድሜዬን ሙሉ ስትነሳ ያየኋት አውሮፕላን ውስጥ ልቀመጥ ነው። ከላይ ሆኜ ጣራችንን የማውቀው ይመስልሻል?

አክስትሽ

—

መጋቢት 4

አክስቴ፤

በጤና ቆዩኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ሰዉን አውቀዋለሁ፣ አንቺንም አውቅሻለሁ። በዚያን ቀን ማንም ቢመጣ፣ ምንም ቢል፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ። ለአንድ ቀን ክፉ ሁኚልኝ። ማይልኝ።

—

መጋቢት 12

ምያለሁ። በእናትሽ።

—

መጋቢት 21፣ ከሻይ መደርደሪያዬ ላይ

ልጄ፤

ሰላምታውን እናትሽ በአፏ ታደርስልኛለች፤ ይህን ወረቀት የያዘችውም እሷ ናት። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ሻንጣ እየተጫነ ነው፣ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ብቻዋን ነው የምትመጣው።

ማለዳ ደረስን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ግን ድምፅ የለም። ሁልጊዜ «አንተ ምን ልታደርግ ነው? አንቺስ?» እየተባለ የሚንጫጫው ሰው ትኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል። ማን ይፈርድበታል? ሁሉም የሚታከም ነው፣ ወይ እንደኛ ጠቅልሎ የሚሄድ። ወንበር ለቆ የሚጠብቀው ቀጣይ አውሮፕላን የለም። ወንበር የምንለቀው ነገ ስላለ ኖሯል ልጄ፣ እኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር። እናትሽን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ እጇን ያዝኩ። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ እግራችን ሥር ተኝቷል። እሷ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት «ቤቱን ቆለፍሽ?» ትለኛለች፤ «ቆለፍኩ» እላታለሁ።

ጋሽ ሚዛን ስም መጥራት ሲጀምሩ የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። እርጉዝ ናት፣ ጊዜዋ ገና ነው፣ ግን ደም ፈስሷታል። ነርሷ ደግፋ ይዛታለች። «እዚህ ምንም ላደርግላት አልችልም፣ በመኪና ደግሞ አትደርስም» አለች ነርሷ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሟል። አልለመነም። በዚህ ከተማ ማንም ለምኖ አያውቅም፣ እንዴት እንደሚለመንም አያውቅበትም። ዝም ብሎ አንድ ሰው እስኪነሳ ይጠብቃል።

ማንም አልተነሳም።

ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መምህሩ አባቱን አቅፎ ግድግዳውን አየ። እኔ ያንቺን ቃል አሰብኩ። «ክፉ ሁኚልኝ» ያልሽውን። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሆንኩልሽ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጇን አጥብቄ ያዝኩ፣ በልቤ «አልነሳም፣ አልነሳም» አልኩ። የምችል መስሎኝ ነበር።

እናትሽ እጇን ከእጄ መንጭቃ አወጣች። ዓይኔን ስገልጥ አግዳሚውን ተደግፋ ልትቆም ትታገላለች። ከክረምት ወዲህ ያልቆመችው ሴትዮ! ግማሽ ድረስ ተነስታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ማንም ካልተነሳ እኔ ልነሳ ነዋ» አለችኝ። እንዲህ ንቁ ሆና ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳትና እኔ ተነሳሁ። ምን ላድርግ ልጄ? ከሁለታችን አንዳችን መነሳታችን ካልቀረ ታናሿ ትነሳ። ጋሽ ሚዛን ስሜን ሰርዘው የልብስ ሰፊውን ሚስት ስም ጻፉ። ልብስ ሰፊው ጫማዬ ላይ ሊወድቅ ሲል «ተው፣ ሰው ያየናል» ብዬ ገፋሁት።

«አንቺ ከሄድሽ ነው የምሄደው አላልኩሽም?» አለችኝ እናትሽ።

«ብለሽ ነበር። አሁን ግን ይቺን ልጅ ማን እጇን ይይዝላታል? እኔ ነኝ እንዴ የወለድኩት?»

አሰበች። ወደ ልጅቷ ዞረችና «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። መተንፈስ አትርሺ» አለቻት። እኔን ቀና ብላ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። በመጀመሪያ እኔን ሳመችኝ።

አትቆጪኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ወንዙ ሲጎድል በመኪና እሞክራለሁ፤ ከቻልኩ። ካልቻልኩ ይኸው አሁን የምነግርሽን ያዢ፣ ጋሽ ሚዛን በሩ ላይ ሆነው እየጠሩኝ ነው።

የቀኝ ጆሮዋ ሞቷል፣ በግራ በኩል ሆነሽ አናግሪያት። አልራበኝም ትልሻለች፣ አትመኛት፤ አጠገቧ አስቀምጠሽ ዞር በይ፣ ትበላዋለች። ስታዝያት ክንድሽን ከጉልበቷ ሥር አድርጊ እንጂ ከጭኗ አትያዢያት፣ ያማታል። ውሃ ሞቅ ሲል ትወዳለች። ስትነቃ የት እንደነበረች ጠይቂያት፤ እንግዲህ አንቺ አጠገቧ ስለሆንሽ ወዴት እንደምትሄድ እኔ አላውቅም። ምናልባት ወደዚህ ትመጣ ይሆናል።

እንቅልፏን ተኝታም እኔን ከጠራች አታርሚያት። አቤት በያት።